ተመስገን፣ ደህና ትተኛለች

ያን ቀን ቤቱ ከልክ በላይ ንጹህ ነበር። ሁልጊዜ መስኮቱን ተደግፎ የሚቆመው ፍራሽ ተነሥቷል። የኩሽናው መሳቢያዎች የታሰሩበት ገመድ ተፈትቷል። የግድግዳው ወረቀት የተቀደደበት ቦታ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፤ በሰው ቁመት ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ የሕፃን እጅ በሚደርስበት ልክ። ሮማንወርቅ ራሷ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ እጅጌውን እስከ አንጓዋ ቆልፋዋለች። ግንቦት ነው፤ ለለንደን ሙቀት የሚባል ቀን ነው።

«እትዬ፣ ሰዓቱ ደረሰ እንዴ?»

«አሥር ደቂቃ አለን። ብፅዓትስ?»

«ተኝታለች።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሣቀች። «ከጠዋት አንድ ሰዓት ጀምሬ በአውቶቡስ ሳዞራት ነው የዋልኩት። ፎቁ ላይ፣ ከፊተኛው ወንበር። ሦስቴ ተመላለስን። ገና ከመግባታችን ከነጫማዋ ወደቀች።»

አየኋት። ሶፋው ላይ ተጠቅልላለች፤ ጸጉሯ አዲስ ተሠርቷል፣ ፊቷ በቅባት ያበራል። ለሥዕል የተዘጋጀች ልጅ ትመስላለች።

እኔ የምሠራው በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሬዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። ዕረፍት በሆንኩ ቀን የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሐኪም ቤት ወይም የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስል የሚሉት፣ ጉዳይ ያለበት ሰው ሲያገኝ አስተርጓሚ አድርጎ ይልከኛል። የተሰጠን ምክር አንድ ነው፤ የተባለውን እንድንል፣ እንዳንጨምር፣ እንዳንቀንስ። ይህን ምክር እወደው ነበር። «በሐሰት አትመስክር» ከሚለው ጋር አንድ ይመስለኝ ነበር።

ብፅዓት አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። አትናገርም፤ ስሟ ሲጠራም ዞር አትልም። ሐኪሙ «ኦቲዝም» ያለ ዕለትም ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። በአማርኛ ምን ልበላት? ቃሉን እንዳለ ሰጠኋት፣ እንዳለ ይዛው ሄደች። ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ሦስት ሳምንት ሞክሯት «አልቻልንም» ብሎ መለሳት። ከነሮማንወርቅ ቤት፣ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር፣ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ርቆ ግን ለእንደ እሷ ላሉ ልጆች የተሠራ ትምህርት ቤት አለ። በአንድ ክፍል ስድስት ልጅ ብቻ ነው። ለመስከረም አንድ ቦታ ቀርቶታል ተብሏል። ያ ቦታ ለብፅዓት ይገባ እንደሆነ አይታ ለካውንስሉ የምትጽፈው ሴት ናት የምትመጣው።

ሚስ ሃርግሪቭ ደግ ሴት ነበረች። ጫማዋን በር ላይ ላውልቅ ወይ ብላ ጠየቀች። የቀረበላትን ሻይ ጠጣች። የተኛችውን ልጅ አይታ ፈገግ አለችና ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ሌሊት እንዴት ትተኛለች?»

ተረጎምኩ።

«ተመስገን፣ ደህና ትተኛለች» አለች ሮማንወርቅ።

ልጅቷ ሌሊቱን ስትዘል እንደምታድር፣ ከታች ያለው ሰውዬም በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እንደሚደበድብ አውቃለሁ። የተባለውን አልኩ።

«ምግብስ?»

«ያገኘችውን ትበላለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ራሷን ወይም ሌላ ሰው ትጎዳለች?»

«በስመ አብ! ኧረ ደህና ናት በሏት።»

«አንቺስ? ከብዶሽ ይሆን? የምትፈልጊው እርዳታ አለ?»

ሮማንወርቅ እጅጌዋን ወደ ታች ሳብ አደረገች። «እሱ የማይቻል አይሰጥም። እንችለዋለን በሏት።»

አልኩ። ሚስ ሃርግሪቭ ጻፈች።

እኛ አገር ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲባል እግሩ ተሰብሮም «ተመስገን» ይላል። ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ በዚያ አይተውም። «ደህና ነሽ ወይ? ቤቱስ? ልጆቹስ? በእውነት ደህና ነሽ?» እያለ ይመለስበታል። እህል ሲቀርብልን ሁለቴ እምቢ ብለን በሦስተኛው እንደምንቀርብ ሁሉ፣ ጭንቃችንም የሚወጣው በሦስተኛው ነው። ሚስ ሃርግሪቭ አንዴ ጠየቀች፤ መልሱን አገኘች፤ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። «እባክሽ እንደገና ጠይቂያት» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ነበረ። አልጨመርኩም።

ስትወጣ ሮማንወርቅ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ደገፈችበት። «እትዬ፣ አላሳፈርኩም አይደል?»

«አላሳፈርሽም» አልኳት።

ደብዳቤው የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ባሏ ደግፌ ስልክ ደውሎ ጠራኝ። ሆቴል ኩሽና የሌሊት ሠራተኛ ነው፤ በሩን ሲከፍትልኝ ዐይኑ ደም መስሏል።

«ያንብቡልን እስቲ እትዬ። እኔ ሁለቴ አነበብኩት፤ የገባኝ ነገር ግን ሊሆን አይችልም፣ እንግሊዝኛ አላውቅም ማለት ነው።»

ቆሜ አነበብኩ። ልጅቷ እቤት ውስጥ የረጋች መሆኗ፣ በደንብ የምትበላና የምትተኛ መሆኗ፣ ቤተሰቡም ሁኔታውን በሚገባ መቻሉ ስለታየ፣ ልዩ ትምህርት ቤት አያስፈልጋትም። ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ተመልሳ በሳምንት አምስት ሰዓት ረዳት ይሰጣታል። ወላጆች የሚቃወሙ ከሆነ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያስታውቁ።

«ማን ነው የቻለው?» አለ ደግፌ። «እኔን ማን ጠየቀኝ? ሮማን፣ ‘እንችለዋለን’ ብለሽ ነው እንዴ የላክሻት?»

«ታዲያ ምን ልበላት? ‘ልጄ አውሬ ናት’ ልበላት? ሰው ቤቴ መጥቶ፣ ሻዬን ጠጥቶ?»

«እኔ አውሬ በያት አልወጣኝም…»

«በልጄ ላይ በገዛ አፌ አላሟርትም!» ብላ ጮኸች። ብፅዓት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ጥግ ገባች።

ሮማንወርቅ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ልጅቷን ቤተክርስቲያን መውሰድ ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ከበሮው ሲመታ ትጮኻለች። ጸበል አስጠምቁ ያላቸው ሰው ብዙ ነው፤ አስጠምቀዋታል። «ጸበሉን ወደደችው እኮ እትዬ። ውኃ ትወዳለች። ቄሱ ጨርሰው ሲሄዱ አልነሣ አለች።» ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የሆነችው ያሏትም አሉ። «ሰው ሁሉ የሚናገርባት ይበቃታል። ስታድግ ትናገር ይሆናል፤ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ‘አትችልም፣ አታውቅም፣ ትናከሳለች’ ብዬ ፈርሜ ከሰጠሁ ግን በቃ፣ ያ ይሆንባታል። የእናት ቃል መሬት አይወድቅም።»

እኔም በዚያ ነው ያደግሁት። የልጅቷን የክርስትና ስም ጠይቄ ለጸሎት ያዝኩና ወጣሁ።

ከአሥራ አምስቱ ቀን ስምንቱ እንዲሁ አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ልጠይቃቸው ስሄድ ሶፋው ላይ አንዲት አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ተቀምጣ አገኘሁ። አምፓሮ ትባላለች። ከኮሎምቢያ የመጣች፣ ቢሮ የምታጸዳ፣ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር ናት። ከሮማንወርቅ ጋር የተዋወቁት ሊፍት ውስጥ ነው፤ ልጆቻቸው እኩል ሲጮኹ። የእሷ ልጅ ጆን ጃይሮ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሱም አይናገርም። ባሏ ኤርናን ሁለት ቦታ ይሠራል፤ ልጁ በሚጮህበት ቤት መተኛት አልቻልኩም ብሎ ከፋሲካ ወዲህ የሚያድረው ወንድሙ ጋ ነው። የሁለቱ ሴቶች እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው፤ ግን ከኔ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ።

«ደብዳቤውን አየሁ» አለችኝ አምፓሮ። «የእኔ ደብዳቤ ነው። ባለፈው ዓመት። አንድ ዓይነት!»

«እንዴት?»

«ሴትዮዋ መጣች። ‘ልጁ እንዴት ነው?’ እኔ ‘ደህና፣ ግራሲያስ አ ዲዮስ’፤ የእናንተ ‘ተመስገን’ ነው። ‘ይተኛል?’ ‘ግራሲያስ አ ዲዮስ።’ ቤቱን አጠብኩ። ኬክ ጋገርኩ። እናቴ ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው፤ እንግዳ ፊት ቤትሽን አታስለቅሺ። ከዚያ ደብዳቤ። ቦታ የለም። አንድ ዓመት፣ እኔና እሱ፣ በር ዘግተን። ኤርናን ሄደ። እኔ ጸጉሬ ሄደ።» መሐረቧን ከፍ አድርጋ ከግንባሯ በላይ የሳሳውን አሳየችን።

ከዚያ ወደ ሮማንወርቅ ዞረች። «ሮማ፣ ስሚ። እግዚአብሔርን አመስግኚ። ካውንስሉን አታመስግኚ። ካውንስል እግዚአብሔር አይደለም።»

ሊተኛ ሲል ድምፅ ሰምቶ የመጣው ደግፌ በር ላይ ቆሞ ነበር። ተረጎምኩለት። «እውነቷን ነው» አለ፣ «እግዚአብሔር ፎርም አያስሞላም።»

ሮማንወርቅ አልሣቀችም።

አምፓሮ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ጠቀለለች። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የጥርስ ምልክት ነው። አንዳንዱ ጥቁር፣ አንዳንዱ ቢጫ፣ አንዱ ገና ቀይ። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው።

ሮማንወርቅ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የራሷን ቁልፍ ፈታች። አንድ፣ ሁለት። እጅጌዋን ስትሰበስበው ክንዷ ያው ነው፤ የትንሽ አፍ ቅርጽ፣ ጨረቃ ጨረቃ የሚመስል፣ አንዱ ባንዱ ላይ።

«ይሄ ሁሉ መቼ ነው?» አለ ደግፌ።

«አንተ ስትተኛ ነዋ» አለችው።

ደግፌ በሩን ይዞ ቆመ። አምፓሮ ክንዷን ከሮማንወርቅ ክንድ ጋር አስተያየችና «የእኔ ይበልጣል» አለች። ያኔ ሮማንወርቅ ሣቀች፤ ሣቁ ግን መሐል ላይ ተበላሸ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ መጣሁ። ደግፌ ውስጥ ተኝቷል። ብፅዓት ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ የድስት ክዳን ታሽከረክራለች። ክዳኑ እየዞረ ይዘፍናል፤ ሊወድቅ ሲል ትይዘዋለች፤ እንደገና ታሽከረክረዋለች። በዚህ ልጅ እጅ ውስጥ ክዳን አንዴም ሲወድቅ አላየሁም።

«ሮማን፣ ብፅዓት ሌሊት እንዴት ትተኛለች?»

«ተመስገን» አለች፤ ሁለታችንም ፈገግ አልን።

«እንዴት ትተኛለች?»

«ደህና ናት… ያው…»

«ሮማንዬ፣ እንዴት ትተኛለች?»

«አትተኛም» አለች።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በሌሊት ስምንት ሰዓት ተነሥታ መስኮት ላይ እንደምትወጣ፤ አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ፍራሹን ለዚያ እንዳቆመችው፤ ነጭ ዳቦና ቺፕስ ካልሆነ አፏ እንደማይገባ፤ ስታጥባት፣ ስታለብሳት፣ ሱቅ ስትገባ እንደምትናከስ፤ ለራሷ ሽንት ቤት ስትገባ በሩን ክፍት ትታ እየዘፈነች እንደምትቀመጥ፣ ዘፈኑ ካልተሰማት ልጅቷ ግንባሯን ከግድግዳ ስለምታጋጭ፤ ሁሉን ነገረችኝ። እኔ እየጻፍኩ ነው። እሷ ስትናገር ጠረጴዛውን ትጠርጋለች፤ የሚጠረግ ነገር የለውም።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ» አለች።

«ንገሪኝ።»

«በየካቲት ነው። ብርድ። ሦስት ቀን አልተኛሁም። አሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ፎቁ ላይ ነበርን፤ እሷ ከፊት ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ያ አውቶቡስ ኋላው ክፍት ነው፣ የሚዘጋ በር የለውም አይደል? ወረድኩ። ደረጃውን ወረድኩ፤ መንገድ ላይ ወረድኩ። አውቶቡሱ ሄደ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ከዚያ ሮጬ ያዝኩት፤ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ። ቲኬት ቆራጩ ሳቀብኝ፣ የረሳሁ መስሎት። እሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ አለመኖሬን አላወቀችም።» ጨርቁን አስቀመጠች። «ግን እትዬ፣ ወዲያው አልሮጥኩም። መጀመሪያ ቆሜ ነበር። ቆሜ ሲሄድ አየሁት።»

ክዳኑ ጠረጴዛው ሥር ይዘፍናል።

«ይህን ልተወው?» አልኳት።

«ይጻፉት።»

«ሮማን፣ ነጮቹ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ…»

«ይጻፉት። በልጄ ላይ አሟርቼ ጨርሻለሁ፤ በራሴ ላይ ምን እሰስታለሁ?»

ባልጽፈው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ጽሑፉን የምጽፍላት እኔ፣ መልሼ የማነብላትም እኔ ነኝ። ግን በግንቦት ዝም ብዬ ያሳለፍኩት ነገር ነበረብኝ፤ ያ ዝምታ አንድ ዓመት ሊያስከፍላት ነው ብዬ ፈርቻለሁ። የተባለውን እንዳለ ጻፍኩት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ፈረመች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራሴ ወስጄ ለካውንስሉ እጅ ሰጠሁ።

በሐምሌ ሚስ ሃርግሪቭ ደብዳቤ አልላከችም፤ ራሷ መጣች። በዚህ ጊዜ ፍራሹ በቦታው ነበር፤ መሳቢያዎቹም ታስረዋል። ሻይ አልተፈላም። የሚስ ሃርግሪቭ ዐይን ቀልቷል።

«ይህን ያህል መሆኑን አላወቅንም ነበር» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

ተረጎምኩ። ሮማንወርቅ እኔን አየች፤ እኔ ወለሉን።

ቅርቡ ትምህርት ቤት የነበረው ቦታ በሰኔ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። ነገር ግን የእናትየዋ ጽሑፍ ሁሉንም በጣም አሳስቧል። ካውንስሉ የተሻለ ነገር አግኝቷል። ከለንደን ሁለት ሰዓት ተኩል ርቆ፣ ባሕር ዳር ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆቹ እዚያው ያድራሉ። ሰኞ ጠዋት መኪና ይወስዳታል፣ ዓርብ ማታ ይመልሳታል። ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው አለ። ሶሻል ወርከርም፣ የልጆችን ደህንነት የምትከታተል የካውንስል ሠራተኛ፣ በየወሩ እየመጣች ቤተሰቡን ታያለች። እምቢ ካሉ የሚቀረው የሰፈሩ ትምህርት ቤትና አምስት ሰዓቱ ነው፤ ሶሻል ወርከሯ ግን ያኔም አትቀርም።

ደግፌ ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ። «ቀን አስተምሩልን አልን እንጂ ማታ ውሰዱልን ማን አላቸው? የአምስት ዓመት ልጅ ናት! አገር ቤት እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች? እትዬ እታለማሁ፣ እርስዎ ያን የአውቶቡስ ነገር ባይጽፉ…» ብሎ ተወው። ቀሪውን እኔው ጨረስኩት፤ እስካሁንም እጨርሰዋለሁ።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኳቸው» አለች ሮማንወርቅ። «እሳቸውን አትናገር።» ከዚያ ወደ ሚስ ሃርግሪቭ ዞረች። «እዚያ መስኮቱ ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል።»

«ውኃ አለ? መዋኛ?»

«አለ። ሞቅ ያለ ነው።»

«የድስት ክዳን ይዛ መሄድ ትችላለች?»

ሚስ ሃርግሪቭ እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምኩ። «ትችላለች» አለች።

ሮማንወርቅ ወረቀቱን ተቀብላ ፈረመች። ደግፌም ከሥሯ ፈረመ፤ የሌሊት ሥራው ያሻከረው እጁ ስሙን ሁለት ቦታ ሰበረው።

መስከረም የመጀመሪያው ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። መኪናው ነጭ ሚኒባስ ነው። አምፓሮም ጆን ጃይሮን ይዛ የራሱን መኪና እየጠበቀች ነበር፤ ለእሱ የደረሰው ቅርቡ ትምህርት ቤት ነው፤ ያ አንድ ቦታ። ሮማንወርቅን አቅፋ በራሷ ቋንቋ ብዙ ተናገረች፤ አንድም አልገባኝ፣ ሁሉም ገባኝ። ብፅዓት ሚኒባሱን ስታይ እጇን አራገበች፤ ደስ ሲላት እንደዚያ ናት። ሮጣ ገብታ ፊተኛው መቀመጫ ላይ ወጣች። ክዳኗን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ማየት ጀመረች፤ መኪናው ገና አልተነሣም።

ይዛት የምትሄደው ሴት ወረቀት አውጥታ ጥቂት ነገር ልጠይቅ አለች። ልተርጉም ወደ ፊት ቀረብ ስል ሮማንወርቅ እጇን ዘርግታ አቆመችኝ። በራሷ እንግሊዝኛ መለሰች። አትተኛም። ዳቦ፣ ነጭ ብቻ። ትናከሳለች። ዘፈን ትወዳለች፤ በሩ ሲዘጋ ዝፈኑላት።

መኪናው ሄደ። ልጅቷ አልዞረችም። ሮማንወርቅ ቆማ ሲሄድ አየችው።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ሄድኩ። ፍራሹ አሁንም መስኮቱ ላይ ቆሟል። ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን ሳምንት ስልክ ባትደውሉ ልጅቷ ቶሎ ትለምዳለች ብሏቸዋል። ደግፌ ሥራ ለመሄድ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝና ወጣ።

«ሌሊቱን እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

«ተመስገን።»

«እንዴት አደርሽ ሮማን?»

«ደህና። ተመስገን እትዬ።»

«በእውነት እንዴት አደርሽ?»

ከታች ያለው ሰውዬ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«እኔን ይተዉኝ» አለች። «እሷ እንዴት አደረች? አሁን አንድ ሰው መጥቶ ‘ሌሊት እንዴት ተኛች’ ቢለኝ እውነቱን መናገር ተምሬያለሁ። ግን አላውቀውም።»

እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተሰብስቦ ነበር። አዲስ ምልክት የለም። የቆዩት ወደ ቢጫ ሄደዋል። በአውራ ጣቷ አንዱን፣ የመጨረሻውን፣ ቀስ ብላ ተጫነችው።

«እስከ ዓርብ ይቆይ ይሆን?» አለችኝ።